እማሆይ መልስ ሲጠብቁ

ልጅ እያለሁ በደብረ ታቦር ሰፈራችን የምታወቀው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው በማስመሰል። ትምህርቴ መካከለኛ፣ ቁመቴ አጭር፣ መልኬም ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዓይነት ሆኖ ሳለ ጉሮሮዬ ግን ግማሹን ሰፈር ይዞ ይዞር ነበር። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ሳል አውቅበታለሁ። የሒሳብ መምህራችን በአፍንጫቸው የሚናገሩትን፣ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ዶሮዎቻቸውን ሲያስገቡ የሚያወጡትን ድምፅ፣ አባቴ ደንበኛ ፊት የሚስቀውን የይሉኝታ ሳቅ፣ ሁሉንም አውቅበታለሁ። እናቴ መጀመሪያ ፍርስ ብላ ትስቃለች፤ ከዚያ ትቆነጥጠኛለች። ቅደም ተከተሉ ተቀይሮ አያውቅም። "አንች ልጅ፣ በሰው ስታሾፊ ኋላ ምላስሽ እንዳይታሰር" ትለኛለች፣ ከሳቅ የመጣ እንባዋን እየጠረገች። ቤተሰቡ በሙሉ ቁጭ ብሎ "እባክሽ አንዴ አስመስይልን" ብሎ የሚለምነኝ ቀን ይመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ከካሴት ነው። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የአካባቢያችን ሴት ልጆች ወደ ቤይሩት መሄድ ጀመሩ። ታላቅ እህቴ ይታይሽ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት ስላልመጣላት ሁለት ዓመት ቤት ከዋለች በኋላ አንድ ቀን ፓስፖርት ይዛ ተገኘች። ከሄደች ወዲህ ድምፅዋን ማግኘት ቀላል አልነበረም። እኛ ስልክ የለንም፤ እሷ ደግሞ የአሠሪዋን ስልክ መንካት አይፈቀድላትም። ደብዳቤ ነበር፤ ግን እናቴ ማንበብ ስለማትችል የሚያነብላት ወንድሜ ደሳለኝ ነው። ደሳለኝ ደግሞ የደብዳቤውን ግማሽ እየዘለለ "ለደሳለኝ ብስክሌት ግዙለት ትላለች" የሚል ከራሱ ይጨምርበታል። በሦስተኛው ደብዳቤም ብስክሌቱ ሲነሳ እናቴ ነቃች።

ይታይሽ ይህን ሰማች መሰለኝ፣ ከቤይሩት ለፈቃድ በመጣች የገሳይ ከተማ ልጅ እጅ ቴፕ ላከችልን። ጥቁርና እጀታ ያለው ነበር፤ አፍንጫዬን አስጠግቼ ያሸተትኩት የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ እስከ ዛሬ ቤይሩት ማለት ለእኔ እሱ ነው። እናቴ ወዲያው ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ድምፅ ይቀዳል፤ አንደኛው ቀይ ነበር። ቀዩን የመንካት ሥልጣን የደሳለኝ ብቻ ሆነ። ከቴፑ ጋር የራሷ ድምፅ ያለበት ካሴትና አንድ ባዶ ካሴት ነበሩ። አሠራሩ በኋላ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ሆነ፤ አረብ አገር ልጅ ያለው ቤት ድምፁን ይቀዳና ተመልሳ የምትሄድ ልጅ ሲያገኝ በእሷ እጅ ይልካል። መልስ እስኪመጣ አምስት ስድስት ወር ይፈጃል። ማንም አያማርርም ነበር፤ ከዚያ የሚፈጥን ነገር አናውቅማ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ይውላል። በዚህ ዓለም ከሁሉ የሚጠላው ነገር የሚባክን ጨርቅ ነው። የእኔ ቀሚሶች በሙሉ ከቁርጥራጭ የተሰፉ ነበሩ። አንደኛው ሦስት ቀለም ነበረው፤ ሰማያዊው ከተማሪ ዩኒፎርም፣ ካኪው ከዘበኛ ሱሪ የተረፈ ነው፣ አበባማው ከማን እንደተረፈ አይታወቅም። ካሴቱንም እንደ ጨርቅ ነበር ያየው። ስድሳ ደቂቃ መሆኑን ሲሰማ ጠመኔውን አወጣና እንደ ልብስ ቆራረጠው። ለእናቴ ሃያ፣ ለእሱ አሥራ አምስት፣ ለእማሆይ አሥር፣ ለደሳለኝ አምስት፣ ለእኔ ሁለት፣ የቀረው ለጎረቤት።

እማሆይ የእናቴ እናት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ይታይሽ ከእናቴ ይልቅ የእሳቸው ልጅ ነበረች። እኔ ስወለድ ከእናቴ ጎን ተነስታ ወደ እማሆይ መደብ ተዛወረች፤ ቤይሩት እስክትሄድ ድረስ ከዚያ አልወረደችም።

የቀረፃው ቀን ሁሉም ሰው ሌላ ሰው ሆነ። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ሰው በማስመሰሌ ስቆነጠጥ የኖርኩ ልጅ፣ ያን ቀን የቤቱ ሰው በሙሉ ራሱን እያስመሰለ ሲናገር አየሁ። አባቴ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ጉሮሮውን ጠርጎ "ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነን" አለ፤ በዚያው ሳምንት ወገቡ ይዞት ተኝቶ መሰንበቱ አልተነሳም። እናቴ ላሟ መውለዷን፣ ጎረቤታችን ማግባቷን፣ አጥሩ መፍረሱን በአንድ ትንፋሽ ዘረዘረች። ደሳለኝ ብስክሌቱን አነሳ።

እማሆይ መጀመሪያ እምቢ አሉ። የማያዩትን ሰው ማነጋገር ደስ አላላቸውም። ተለምነው ሲቀመጡ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቆባቸውን ነካ አደረጉ፣ ቴፑንም በተቀመጡበት እጅ ነሱት። ቀጥለው "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን" ሲሉ የአባቴ ዓይን ወደ ሰዓቱ ሄደ።

"ይታዬ፣ እንዴት ከረምሽ ልጄ?" አሉና ዝም አሉ።

ጠበቅን። ካሴቱ ይዞራል። እማሆይ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቴፑን ያያሉ።

"እማሆይ፣ ይቀጥሉ እንጂ" አለ ደሳለኝ በሹክሹክታ።

"ቆይ እንጂ ልጄ፣ ትመልስልኝ።"

"አሁን እኮ አትሰማዎትም። ኋላ ነው የምትሰማው።"

"ኋላ ስትሰማስ መች ልትመልስ ነው፣ እኔ ሳላርፍ ካወራሁባት?"

እማሆይ ጥቂት ቆይተው፣ ልጅቷ ተናግራ የጨረሰች ሲመስላቸው "እሰይ፣ ተመስገን" ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ። ያመሽ የነበረው ሆድሽስ ተሻለሽ? ዝም። እሰይ፣ ተመስገን። ብርድ ልብስ ይሰጡሻል? ዝም። እሰይ፣ ተመስገን። ጾሙን ያስጾሙሻል? እዚህ ላይ ዝምታው ረዘመና በ"እሰይ" ፈንታ "አይዞሽ፣ እሱ ያውቃል" አሉ። ምን እንደሰሙ እስከ ዛሬ አናውቅም።

እኔና ደሳለኝ ሳቃችንን ለማፈን ነጠላ አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን ነበር። አባቴ ግን አልሳቀም፤ የሚባክነው ካሴት ነው የሚታየው። ችግሩ በእኛ አገር ወንድ ልጅ አማቱን "ይብቃዎት" ብሎ አይደፍርም። ስለዚህ ከእማሆይ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ በእኛ በኩል ይልክ ጀመር። "ልጆች፣ ካሴቱ እየሄደ መሆኑን እስቲ ለእማሆይ ንገሩልኝ።" እማሆይም ፊታቸውን ሳያዞሩ "ልጄን እያነጋገርኩ ነው በሉልኝ ለአባታችሁ" ይላሉ። ይህ ሁሉ ይቀዳል። አሥሩ ደቂቃ ሃያ ሁለት ሆነ። የጎረቤት ድርሻ ጠፋ፤ እትዬ ጥሩ ለብሰው መጥተው ሳይናገሩ ተመለሱ፣ ለሁለት ሳምንትም አኮረፉን።

የይታይሽ መልስ ሲመጣ ደግሞ ጉድ ሆነ። ለሁላችንም ሰላምታዋን በተርታ አድርሳ ወደ እማሆይ ስትደርስ "እማሆይ፣ እንዴት ሰነበቱ?" ብላ እሷም ዝም አለች። እማሆይ ከመደባቸው ላይ ሆነው "ደህና ነኝ ልጄ፣ ጉልበቴን ብቻ ነው" ብለው መለሱ። ይታይሽ ከካሴቱ ውስጥ "እሰይ፣ ተመስገን" አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተነጋገሩ፣ በየስድስት ወሩ። አባቴ አያትና የልጅ ልጅ ተባብረው ካሴት ጨረሱ እያለ በረንዳው ላይ ለደንበኞቹ ያማ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት እማሆይ ፍልሰታን እየጾሙ ሞቱ። ሳምንት እንኳ አልተኙም። ዝናብ ሳያባራ ነው የቀበርናቸው። መደቡ ላይ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተቀመጠም፤ እንግዳ ሲመጣ እንኳ ወንበር እንፈልግለታለን። እኔም የማንንም ድምፅ ማስመሰል ተውኩ። ማንም ተይ አላለኝም፤ ዝም ብሎ አስጠላኝ።

ለይታይሽ አልተነገራትም። ይህ ክርክር አላስፈለገውም። መርዶ ሰው ይፈልጋል፤ የሚይዝ፣ አብሮ የሚያለቅስ፣ ውኃ የሚያቀምስ ዘመድ ይፈልጋል። ለብቻዋ፣ በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ የሚያለቅስላት አንድ ሰው በሌለበት እንዴት ይነገራል? በዚያው ሰሞን መርዶ በስልክ የተነገራት የሐሙሲት ልጅ ከሰገነት ወደቀች የሚል ወሬ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ እናቴ ግን በየቀኑ ታወራው ነበር።

በጥቅምት የይታይሽ ካሴት መጣ። ሰላምታው አጭር ነበር። ጥርሷ ሲወልቅ በሕልሟ እንዳየች ነገረችንና "በሚቀጥለው ካሴት የእማሆይን ድምፅ ካልሰማሁ ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ" አለች። ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ነው፤ ውሏ ገና አንድ ዓመት ተኩል ይቀረዋል። ጥሎ መምጣት ማለት እስር ቤት መሆኑን ካሴቱን ያመጣችው ማሬ፣ ያችው የገሳይ ልጅ፣ ነገረችን። ማሬ ደግሞ እሑድ ትመለሳለች። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

"ብርቄ አለች አይደል?" አለ ደሳለኝ።

ብርቄ እኔ ነኝ። እናቴ "አፍህን ዝጋ!" አለችው። አባቴ ግን የሜትሩን ጫፍ በጣቱ ይጠቀልል ጀመር፤ ይህ መለካት መጀመሩ ነው። በማግስቱ እናቴ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄዳ ነገሩን በዝርዝር አስረዳቻቸው። አባ ለረጅም ጊዜ መስቀላቸውን ሲያሻሹ ቆይተው "ልጄ፣ እኔ ይህን አልሰማሁም" አሏት። እናቴ ይህ ፈቃድ ይሁን ክልከላ ሳይገባት ተመለሰች፤ አባቴ ፈቃድ ነው ብሎ ፈረደ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተዘጋ። እኔ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ነገሩ እንዲሳካ የእማሆይ ቆብ ይሰጠኝ ብዬ ጠየቅኩ፤ እናቴ "ድምፅ ነው የተባልሽው፣ ምንኩስና አይደለም" ብላ ነጠላቸውን ብቻ ሰጠችኝ። ነጠላው አሁንም እሳቸውን ይሸታል፤ ጤናዳምና ጧፍ። እሱን ስከናነብ ድምፁ ሳልጠራው መጣ። "በስመ አብ" ስል ደሳለኝ ከቴፑ ላይ ደንግጦ ቀና አለ። እናቴ ወጥታ ሄደች።

አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሰዓቱን ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዝዛት የሚችላት "አማት" አገኘ። የእማሆይን ልማድ ስለማውቅ "ይታዬ፣ እንዴት ከረምሽ ልጄ?" ብዬ ዝም አልኩ። አባቴ በእጁ "ቀጥይ፣ ቀጥይ" አለኝ። ቀጠልኩ። ሆድሽስ ተሻለሽ አልኩ፤ ልጠብቅ ስል ጣቱን ወደ ሰዓቱ ቀሰረ። ለነገሩ እኔም ፈርቼ ስለነበር ቶሎ ቢያልቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ብርድ ልብሱንም፣ ጾሙንም፣ ሕልሙንም አከታትዬ አለፍኳቸው። "ጥርስ መውለቅ ምንም አይደል፣ ሕልም እንደ ፈቺው ነው፣ አትስጊ" አልኩ። ይህን የፈጠርኩት ከራሴ ነው፤ እኮራበት ነበር። በመጨረሻ ወደ ምርቃቱ ገባሁ። "ድንግል ማርያም በምሕረት ዓይኗ ትይሽ። ከክፉ ትሰውርሽ። በቸር ታገናኘን።"

ከበሩ ጀርባ "አሜን" የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቴ ነበረች። ለምርቃት አሜን ሳይሉ ማለፍ ስለማትችል ነው፤ ወይም ለአንድ አፍታ ረስታው ነበር። ገብታ ግንባሬን ሳመችኝ። ቀጥላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

አባቴ ካሴቱን ብርሃን ላይ አንስቶ በመስኮቱ የቀረውን ክር አየ። "ዘጠኝ ደቂቃ ተርፎናል" አለ ደስ ብሎት። እማሆይ ከተናገሩባቸው ካሴቶች ሁሉ ደቂቃ የተረፈው ያኛው ላይ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለወራት ብቻዬን ወደ ጓሮ አልሄድም። ደሳለኝ "እማሆይ ድምፃቸውን ሊያስመልሱ ይመጣሉ" ብሎ ስላስፈራራኝ ጉሮሮዬን በነጠላ ጠምጥሜ ነበር የምተኛው። የይታይሽ መልስ በሰኔ መጣ። ሁሉንም ሰላም አለች፤ ድምፅዋ ደህና ነው። ቀጥላ "እማሆይ፣ ድምፅዎን ሰማሁ። እግዜር ይስጥልኝ" አለችና ዝም አለች። ዝምታው ከመቼውም ረዘመ። ማንም አልመለሰም። እናቴ መደቡን ታያለች። አባቴ "ይህችም ልጅ ካሴት ማባከኑን አልተወችው" አለ። በመጨረሻ "እሰይ፣ ተመስገን" የሚለው ሳይመጣ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ። እንደተሳካልን ተማምነን ተቃቀፍን፤ አባቴም ከሙሉ ጨርቅ፣ በአንድ ቀለም፣ ቀሚስ ሰፋልኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነበር።

ይታይሽ ውሏን ጨርሳ ስትመጣ ቤተሰቡ ለመርዶው እንደ ሠርግ ተሰናዳ። መርዶ ነጋሪው አጎታችን አያ ፈንታ ነበሩ። አንበሳሜ ነው የሚኖሩት፤ በቃል አጣጣላቸው የታወቁ ስለሆኑ ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ይጠራሉ። ከባሕር ዳር ይዘናት ስንመጣ ሐሙሲት ላይ ተሳፈሩ። መንገዱን ሙሉ ስለ አየሩና ስለ ጤፉ አወራን። ይታይሽ ስለ ሁሉም ሰው ጠየቀች፤ ስለ እትዬ ጥሩ ዶሮዎች ሳይቀር። ስለ እማሆይ ግን አልጠየቀችም። እኛ ይህን እንደ ዕድል ቆጠርነው። ቤታችን እየተመረገ ነው ብለን እትዬ ጥሩ ቤት አሳደርናት፤ ያ ቤት ከተሠራ ጀምሮ ግድግዳው ተነክቶ አያውቅም። "እሺ" አለች ብቻ።

ንጋት ላይ ዘመድ ጥቁር ለብሶ፣ አያ ፈንታን አስቀድሞ ገባ። እኔ ከእናቴ ኋላ ነበርኩ። ይታይሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን በጥቁር ክር አስራ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቀን ነበር። ልብሱን ከቤይሩት በሻንጣዋ ይዛው መጥታለች።

አያ ፈንታ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ከአንበሳሜ ጀምሮ ያዘጋጁት ንግግር ባከነ።

"አያ፣ አይድከሙ። አውቄዋለሁ" አለች ይታይሽ። "አሁን አብራችሁኝ አልቅሱ። ዓመት ተኩል ሊሞላው ነው አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው ስጠብቅ።"

ከዚያ የወጣው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እሱን አስመስዬው አላውቅም።

ሳምንት ካለፈ በኋላ እሷና እኔ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ጥፋቴን ነገርኳት። ታውቀዋለች። "ታዲያ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? ድምፄ ነው?" አልኳት። ይህን ስጠይቅ ገና የባለሙያ ቅሬታ እንደነበረኝ አልክድም።

"ድምፁስ እሳቸው ናቸው" አለችኝ። "ካሴት ሲመጣልኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ ነበር የምሰማችሁ። እማሆይ ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ። ሁልጊዜ። ሆድሽስ ሲሉ፣ ተሽሎኛል እማሆይ እላለሁ። ጾሙን ሲሉኝ፣ አይሆንልኝም ብዬ አለቅሳለሁ፤ እሳቸውም ጠብቀው አይዞሽ ይሉኛል። በዚህኛው ግን ይታዬ እንዴት ከረምሽ አልሽኝ፣ ደህና ነኝ እማ... ብዬ ሳልጨርስ ስለ ሆዴ ጠየቅሽኝ። ስለ ሆዴ ስመልስ ብርድ ልብስ አልሽኝ። ሦስተኛው ላይ አጠፋሁት። እማሆይ በሕይወት ካሉ ሳልመልስላቸው አያልፉም።"

"ማወቅሽን ለምን አልነገርሽንም ታዲያ?"

"ኋላ መልሼ ከፍቼ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። እማዬ አሜን ስትል ሰማሁ። እንዲህ ደክማችሁ፣ ምን ብዬ ላሳፍራችሁ? ፀጉሬን በጥቁር ክር አስሬ አርባቸውን ብቻዬን አወጣሁ። ማዳሜ ምንድን ነው ስትለኝ ራስ ምታት ነው አልኳት።"

ያ በሰኔው ካሴት ላይ የነበረው ረጅም ዝምታ ለእኛ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

አባቴ ከጀርባችን በሩ ላይ ተቀምጦ ሱሪ በእጁ ይሰፋ ነበር። መርፌው ቆሞ ነበር። "ደሳለኝ፣ ያን ጊዜ የተረፈው ስንት ነበር?" አለ ወደ ውስጥ። "ዘጠኝ ደቂቃ" አለ ደሳለኝ ከውስጥ። አባቴ ሱሪውን አጣጥፎ ተነሳና እስከ አጥሩ ሄዶ ተመለሰ። ደግሞ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ ካሴት ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

አሁን ይታይሽ ገበያው ላይ ከአባቴ በረንዳ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላት። ደሳለኝ መኪና መንዳት ጀምሮ ብስክሌቱን ረሳው። እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ልጄ ሰው ታስመስላለች፣ መጀመሪያ እስቃለሁ፣ ከዚያ እቆነጥጣታለሁ። ስልኩ ደግሞ መልክ ከድምፅ ጋር ያመጣል። በቀን ሁለት ሦስቴ እንደዋወላለን፤ አንዱ ጀምሮ ሳይጨርስ ሌላው ይገባበታል፣ "ኔትወርኩ" እንላለን፣ "በኋላ እደውላለሁ" እንላለን። ከተነጋገርን በኋላ ምን እንደተባባልን ብጠየቅ አላውቀውም። የዚያን ዘመን ካሴት ግን ከነጉድለቱ በቃሌ እወጣዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ደወለ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፌ አነሳሁት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ሜትሩ አሁንም አንገቱ ላይ ነው። "ብርቄ፣ እንዴት ሰነበትሽ ልጄ?" አለኝ። "ደህና" ማለቱን ረስቼ "አባዬ መድኃኒትህን ወሰድክ? ያ ሰውዬ ጨርቁን አመጣልህ?" እያልኩ ወረድኩ። እሱ ምንም አላለም። አየሁት፤ ዝም ብሎ ያየኛል። ምስሉ የቆመ መስሎኝ ልዘጋው እጄን ጠረግኩ። ከዚያ ዓይኑን ሲጨፍንና ሲገልጥ አየሁ። አልቆመም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ይጠብቃል።

ቢላውን አስቀመጥኩ።

"ደህና ነኝ አባዬ" አልኩት። "ትንሽ ደክሞኛል፣ ግን ደህና ነኝ።"

ሰምቶ እስኪጨርስ ጠበቀ።

"እሰይ" አለ። "ተመስገን።"